ሳይቃጠል በቅጠል

አንባቢ ወዳጄ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ ከመጀመርህ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ቀና ብለህ የተቀመጥህበትን ክፍል ተመልከት። ከጣራው የተንጠለጠለውን አምፑል፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከአልጋህ ራስጌ ያለውን ሶኬት ልብ በል። ይህን ሁሉ ማን እንደ ሠራው ታውቃለህ? መቼ ነው የሠራው? ዛሬ ማታ ቢፈለግ የት ይገኛል? መልስ ከሌለህ አትፈር፤ እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ አልነበረኝም።

የምኖረው በወላይታ፣ ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቦዲቲ ከተማ ነው። ሥራዬም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ ማስተማር ነው። ይህን የምጠቅሰው ልመካበት ብዬ እንዳይመስልህ፤ እንዲያውም የማፍርበት ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

የተከራየሁበት ግቢ አምስት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው የቤቱ ባለቤት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በቀሩት አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ አንድ የወረዳ ጸሐፊ፣ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎችና እኔ አለን። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሒሳቡን ተካፍለን እንከፍላለን። የእንጀራ ምጣዱም አንድ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን እንደሚጋግር ተራ ተይዞለታል። እንዲህ ያለ ግቢ በአገራችን ስንትና ስንት እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ምናልባት አሁን የምታነበውም እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ተቀምጠህ ይሆናል።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ የግቢያችን መብራት ጠባዩ ተለወጠ። እማማ ሊጡን አብኩተው፣ ምጣዱን አስምተው፣ ሁለተኛውን እንጀራ ሲያወጡ፣ ከቆጣሪው ሥር ያለው ብሬከር ቀጭ ብሎ ይወርዳል፤ ግቢው ሁሉ ይጨልማል። አንዱ ሮጦ ያነሣዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይወርዳል። በሦስተኛው ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱ። «መምህር፣ ይህን የምታስተምረው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ እማማ።

እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋናው ገና ሳላገኘው ጣፈጠኝ። በሰሌዳ ላይ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት እያልሁ ስጽፍ የምውል ሰው አንድ ብሬከር ያቅተኛል? ከአስፋልቱ ዳር ካለ ሱቅ ሄድሁ፤ በወረደው ብሬከር ላይ 16 የሚል ቁጥር ተጽፎበት ነበርና ባለ 32 ገዛሁ። ዋናውን አጥፍቼ፣ በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ተክዬ ጨረስሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከሩ አልወረደም። እማማ መረቁኝ። ጸሐፊውም «ትምህርት ማለት እንዲህ ነው» አለ። እኔም አመንሁት።

በአራተኛው ቀን ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እማማ ይጋግራሉ፤ እኔ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። በዚህ መካከል የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። አንድ ነገር ያረረ መስሎኝ ዝም አልሁ። ቀጥሎ የልጁን ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ከማድ ቤቱ ሶኬት በላይ ግድግዳው ጠቁሯል፤ ከቀለሙ ሥር ጭስ ይወጣል፤ እሳትም ብልጭ ይላል። እማማ ውሃ የሞላ ጆግ አንሥተዋል፤ የስድስት ዓመቱ ልጅ ባዶ እግሩን ሆኖ ቀሚሳቸውን ይዞ ቆሟል። «እማማ፣ ውሃ እንዳይረጩ!» ብዬ ጮኽሁና ሮጬ ዋናውን አወረድሁት።

እሳቱ እዚያው ሞተ። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነበርና ቶሎ አልተያያዘም። አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ወጥቶ የጣራውን ማገር ቢያገኘው ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው፣ የሚጽፍልህም ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

በጨለማው ውስጥ ቆመን ስንመካከር አንድ ነገር አሳፈረኝ። በስልኬ ውስጥ የተማሪ ወላጅ፣ የልብስ ሰፊ፣ የባጃጅ ነጂ ቁጥር ሞልቷል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቁጥር ግን አንድም የለም። ጸሐፊው ዝናብ እየመታው ወጥቶ «ያውቃል» የተባለ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ዋጋ አልተነጋገረም፤ ማንንም ምንም አልጠየቀም። የተቃጠለውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፍ በእጁ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቀለለበትና «በቃ፣ ጨርሻለሁ» አለ። የጠየቀው ግን የሌሊት ዋጋ ነበር። ከፈልን። አምፑሉ በራ፤ ደስም አለን። ዳሩ ግን ምጣዱን ለመሰካት የደፈረ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ወጣት መራኝ። ይህ ወጣት «ሳሮ» ብሎ እማማን በወላይትኛ ሰላም ካላቸው በኋላ ዕቃውን ሳይፈታ ጥያቄ ጀመረ። መቼ ጀመረው? ያን ጊዜ ምን ምን ተሰክቶ ነበር? በቅርቡ አዲስ ዕቃ የገዛ አለ? ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ለካስ የሐምሌው ብርድ ጸንቶባቸው ሻይ የሚያፈሉበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተው ኖሯል።

ከዚያም የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ ጥቂት ዝም አለ።

«መምህር፣ ይህን የቀየረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ለምን ቀየሩት?»

«እየወረደ ስላስቸገረን ነው።»

«ሽቦው አልቻልሁም እያለ ሲጮኽ ነበር» አለኝ በትሕትና። «እርስዎ አፉን ዘጉት።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ እኔ በብዙ ክፍለ ጊዜ የማስተምረው ትምህርት አለ። እንደሚከተለው አስበው። የአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይበላል፤ ይህ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ሲሠራ የድሮው ብሬከር ከአቅሙ ጫፍ ላይ ነበር። የተማሪዎቹ ምድጃ 1,500 ዋት ሲጨምርበት ጅረቱ ወደ 23 አምፔር ደረሰ። በሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከጅረቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ16 ወደ 23 ሲወጣም ሙቀቱ እጥፍ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ያ ሽቦ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለአምፑል የታሰበ ነበር። በመካከሉም በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተሸፈነ መጋጠሚያ ነበረበት፤ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ጅረቱን እንደ ጠባብ በር አስጨንቆ ስለሚያሳልፈው ከሌላው ሽቦ ሁሉ አስቀድሞ የሚግለው እርሱ ነው። ባለ 32ቱ ብሬከር ይህን ሁሉ ቆሞ ተመለከተ፤ ምክንያቱም 23 ለእርሱ ገና ምንም አይደለም። በሌሊት የመጣውም ሰው ያንኑ መጋጠሚያ አሳድሶልን ሄዶ ነበር።

የሚያሳፍረው ግን ገና ነው። ወጣቱ ምጣዱን ሰክቶ የቴስተሩን ጫፍ በምጣዱ ብረት ላይ አሳረፈ፤ ቴስተሩ በራ።

«እማማ፣ ይህ ምጣድ ይነዝራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ትንሽ ትንሽ ይነዝራል፣ ልጄ። ለዚህ ብዬ አይደል የፕላስቲክ ጫማ የማደርገው» አሉ።

ወዳጄ፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አዲስ ተከራይ ሲመጣ መጸዳጃው የት እንደ ሆነ ከተነገረው በኋላ «ምጣዱን በባዶ እግርህ አትንካ» ተብሎ ይመከራል። እኔም ተመክሬ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ምክሩን ሰምቶ ጫማውን አደረገ እንጂ «ለምን ይነዝራል?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። የስድስት ዓመቱ ልጅ ግን ጫማ የሚያደርገው ተማሪ ቤት ሲሄድ ብቻ ነው።

ወጣቱ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጻፈ። ለምጣዱ ብቻ ከዋናው የሚነሣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ፤ ለእርሱም ለብቻው ባለ 20 አምፔር ብሬከር፤ ለቀረው ቤት ያ የድሮው ባለ 16 ተመልሶ፤ የመሬት ሽቦና እርጥብ አፈር ውስጥ የሚቀበር ዘንግ፤ ከዚህም ሌላ ኮረንቲ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ሰምቶ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የተለየ መከላከያ። ዋጋው ሲደመር ፊታችን ጠቆረ። ጸሐፊው «የመሬቱ ሽቦ ይቅር፤ ያለ እርሱ ስንት ዓመት ኖረናል» አለ። ወጣቱ ካቻቢቴውን ወደ ቦርሳው መለሰና «ያለ መሬት ሽቦ ምጣዱን አልቀጥልም። ነገ ልጁ ቢነካው የምትጠሩት እኔን ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ ሰው አልነበረም። እማማ ግማሹን ከፈሉ፤ ተከራዮቹ የቀረውን ተካፈልን፤ ለአንድ ወርም የሻይ ቤት ደጃፍ ሳንረግጥ ቆየን።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን እንደሚከተለው አቀርብልሃለሁ። ደመወዝህ እንደ እኔ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም ገና ተማሪ ሆነህ በኪራይ ቤት የምትኖር ከሆነ፣ ይልቁንም ለአንተ ይጠቅምሃል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፤ ሠራተኛውን ሳትቸገር ፈልገው። በጨለማና በዝናብ የሚፈለግ ሠራተኛ የተገኘው ነው እንጂ የተመረጠው አይደለም። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ማን ምን እንደሚገዛ ያያሉና እነርሱን ጠይቅ፤ ከተሠራለት አንድ ዓመት ያለፈውን ሰውም ጠይቅ፤ ትናንት የተሠራ ሥራ ሁሉ ጥሩ ይመስላልና። በመጀመሪያም ትንሽ ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አሠርተህ ተመልከተው። ከዚያ ቁጥሩን በስልክህ ብቻ ሳይሆን በብሬከሩ ሳጥን ክዳን ላይ ጻፈው። በአደጋ ሰዓት አንተ ከቤት ላትኖር ትችላለህ።

ሁለተኛ፤ ማስረጃውን ለመጠየቅ አትፈር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ ዐዋጅ ቁጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ያዝዛል። ከሙያ ትምህርት ቤት የወጡትም ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይወስዳሉ። ወረቀት ብቻውን እጅን አያቀናም፤ ያለ ወረቀት በልምድ የሠለጠኑ ጥሩ ሠራተኞችም አሉ። ዳሩ ግን ማስረጃ ያለው ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም።

ሦስተኛ፤ ጠያቂ ሠራተኛ ምረጥ። ሳይጠይቅና ሳይለካ የሚቆርጥ ሰው፣ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚሰጥ ሐኪም ነው። ጥሩ ሠራተኛ ከመንካቱ በፊት ኮረንቲውን ይቆርጣል፤ ከቆረጠም በኋላ ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሮ፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ላይ ይሞክራል፤ የተበላሸ ቴስተር «ኮረንቲ የለም» ብሎ ሰው ገድሏልና። የሽቦውንም ቀለም ብቻ አያምንም። በአዲሱ ልማድ ሰማያዊ ሽቦ ኒውትራል ነው፤ በአሮጌ ቤት ግን ሰማያዊው ራሱ ኮረንቲ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፤ የሥራውን ዋጋና የዕቃውን ዋጋ ለይተህ፣ ከሥራው በፊት ተነጋገር። ከተቻለ ዕቃውን ለመግዛት አብረኸው ሂድ። በሽቦው ላይ ውፍረቱ ተጽፎ እንደ ሆነ ተመልከት፤ ለአምፑል 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የተለመደ ነው። እጅግ የረከሰ ሽቦ ከሌላው ለምን እንደ ረከሰ ጠይቅ፤ ላስቲኩ ወፍሮ መዳቡ የቀጠነ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ በሁለት ሳንቲም የተረፈልህ ገንዘብ በግድግዳህ ውስጥ ሲግል ይኖራል።

አምስተኛ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከሙከራ በኋላ አድርገው። ምጣዱ፣ ምድጃውና ካውያው እንደ ወትሮው ይሰኩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥሩ፤ ሠራተኛውም ሶኬቱንና ብሬከሩን ዳስሶ አለመጋሉን ያሳይህ። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳጥን ውስጥና በማጣበቂያ ብሎን የታሰሩ ይሁኑ። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚቆርጥም በክዳኑ ላይ ያስጽፍልህ።

ስድስተኛ፤ ወሰንህን ዕወቅ። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ቆጣሪው ራሱ፣ ከምሰሶው ወደ እርሱ የሚመጣው መስመርና ምሰሶው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሠፈሩ ሁሉ ከጨለመ፣ ከምሰሶው ላይ ብልጭታ ካየህ፣ ወይም መስመር ከተበጠሰ ወደ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤት ወይም በ905 ደውል። «እኔ ወጥቼ ልቀጥለው» የሚል የሠፈር ጎበዝ ሁሉ አለ፤ አትፍቀድለት። የቆጣሪውንም እሽግ ማንም እንዲቆርጥ አትፍቀድ፤ በሕግ የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ በሕይወቱ የሚጠየቀውም እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ ሠራተኛው እስኪደርስ ስለሚደረገው ልንገርህ። የሚቃጠል ነገር ከሸተተህ፣ ሶኬት ከጋለ ወይም ብልጭ ካለ፣ ዋናውን አውርድ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ትፈልጋለህ። እሳት ካለ ኮረንቲው ሳይቆረጥ ውሃ አትርጭ፤ ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ይሻላል። የጎረቤትህ ቤት ደብዝዞ የአንተ አምፑል ከልክ በላይ ከደመቀ፣ ወይም የእርሱ ደምቆ የአንተ ከደበዘዘ፣ የመስመሩ ኒውትራል ተበጥሶ ይሆናልና ወዲያውኑ ዋናውን አውርድ፤ አለዚያ ቴሌቪዥንህንና ማቀዝቀዣህን ትሰናበታለህ። መብራት በሄደም ጊዜ ምጣዱንና ካውያውን ንቀል፤ ሲመለስ አንተ ከቤት ላትኖር ትችላለህ፤ የተረሳ ካውያ ግን ይኖራል።

ሰው በኮረንቲ ቢያዝ ፍቅርህ እጅህን አያሳብደው። በእጅህ ከያዝኸው ሁለታችሁም ትያዛላችሁ። መጀመሪያ ዋናውን ቁረጥ። ያ ካልተቻለ ደረቅ ጣውላ ወይም ፕላስቲክ ላይ ቆመህ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከእርሱ አርቀው። ይህ ግን ለቤት ኮረንቲ ብቻ ነው፤ ከምሰሶ የወደቀ ሽቦን በምንም እንጨት አትቅረበው፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቅ፤ ሌላውንም አርቅ። የተያዘው ሰው ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን መጫን ጀምር፤ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ደኅና ነኝ ብሎ ቢነሣም ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው፤ የልብ ምቱ ዘግይቶ ሊታወክ ይችላልና።

አንድ ነገር ደግሜ ላሳስብህ። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር ከመቶው ጥቂት እጅ ይበቃል፤ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ከ500 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ «ብሬከር አለኝ» ብለህ አትታለል፤ የሚነዝር ነገር ካለህ ዛሬውኑ ንቀለው።

ስለ አካባቢዬም አንድ ቃል ልጨምር። በኒው ዮርክ ኤዲሰን የመብራት ጣቢያውን የከፈተው በ1882 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከ16 ዓመት ያህል በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መብራት በራ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ተመረቀ። ከወላይታ ሶዶም ተነሥቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬንያ የሚገባው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያሻግራል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻም ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። እንግዲህ ያን ሁሉ ኃይል ገድበን፣ ተራራና ሸለቆ አሻግረን፣ አገር አቋርጠን ካደረስነው በኋላ፣ በመጨረሻዋ አንድ ክንድ ሽቦ፣ በእማማ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ያልታሰረ መጋጠሚያ ያሸንፈናል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ የጊቤን ልጅ ግን መብራቱ ራሱ እንዳያቃጥለው እፈራለሁ።

ያችን የመጨረሻ ክንድ የሚጠብቃት መሐንዲሱ ወይም ሚኒስትሩ አይደለም፤ ካቻቢቴ በቦርሳው ይዞ በእግሩ የሚመጣው ያ ወጣት ነው። እኛ ግን እንዴት እንቀበለዋለን? በአገራችን ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ቆዳ የፋቀ ሁሉ ሲናቅ ኖሯል፤ በወላይታም በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ እስከ እኛ ደርሷል። ዲግሪ ስላለን የሠራተኛውን ሙያ የምናውቅ ይመስለናል፤ ሲመጣም ከወንበር ሳንነሣ በጣት እናሳየዋለን፤ በዋጋው ላይ እንደ በግ ገበያ እንከራከረዋለን። የእኔ ባለ 32 ብሬከር የዚህ ንቀት ልጅ ነበረች። ከዕውቀት ማነስ ይልቅ «ይህን ለመሥራት ሰው መጥራት ምን ያደርጋል?» ማለቴ ነው ቤቱን ለእሳት ያቀረበው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በክፍል ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ይገባኛልም። ቀጥዬ «ቤቱ የሚነዝር ዕቃ ያለው እጁን ያንሣ» አልሁ። የተነሡትን እጆች ባየሁ ጊዜ ሳቁ ከክፍሉ ጠፋ። ለቤት ሥራ የሰጠኋቸውም ሒሳብ አልነበረም፤ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ ለእናቶቻችሁ ንገሩ፤ የሚነዝረውን ንቀሉ፤ የሠራተኛ ቁጥር ይዛችሁ ኑ የሚል ነበር።

ለአንተም፣ አንባቢ ወዳጄ፣ የምሰጥህ የቤት ሥራ ይኸው ነው። መጽሔቱን አስቀምጥና ተነሥ። ሶኬቶችህን በእጅህ ጀርባ ዳስስ፤ የጋለ፣ የጠቆረ፣ የላላ ካለ ልብ በል። በቤትህ «ትንሽ ትንሽ የሚነዝር» ዕቃ እንዳለ ምጣድ የምትጋግረውን ጠይቅ፤ መልሱን ከማንም ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። ከዚያም ነገ በቀን ብርሃን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ማንም ሳይጮኽ፣ ጥሩ ሠራተኛ ፈልገህ ስሙንና ቁጥሩን ጻፍ። ሲመጣም ከወንበርህ ተነሥተህ ተቀበለው።

በእኛ ግቢ ዛሬ እማማ ሲጋግሩ ልጁ አጠገባቸው ይቆማል። አሁንም ባዶ እግሩን ነው።